ማረሻችንን የሚስልልን ማን ነው?

ለጉባኤዎች፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ኢሳይያስ 28፥24-29፤ 1ኛ ሳሙኤል 13፥19-22፤ ዘጸአት 31፥1-5፤ ዘዳግም 22፥8



ነቢዩ ኢሳይያስ በ28ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ገበሬ ይናገራል። ይህ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ሲያርስ አይኖርም፤ የእርሻው ጊዜ ሲያበቃ ይዘራል፤ ስንዴውንም ገብሱንም በየቦታው ያደርጋል። ሲወቃም ለሁሉ እህል አንድ ዓይነት መሣሪያ አያነሣም። ለጥቁር አዝሙድና ለከሙን በትር ይበቃቸዋል፤ ከባዱ ማሄጃ ግን ያደቅቃቸዋል። ገበሬው ይህን ማስተዋል የተማረው ከአምላኩ እንደ ሆነ ነቢዩ ይመሰክራል። እንግዲህ ለመሬቱ፣ ለእህሉና ለሥራው የሚስማማውን መሣሪያ መምረጥ ከእግዚአብሔር ምክር የሚገኝ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ጉባኤ ሊነጋገርበትና ሊጸልይበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከጉባኤዎቻችን ብዙዎቹ የሚገኙት በደጋና በወይና ደጋ፣ በተራራ ወገብ ላይ ነው። የአባላቱ ማሳ ጠባብ ነው፤ ያውም በሁለትና በሦስት ቦታ የተከፋፈለ። ድካማቸውን ያዩ ደጋፊዎች «ትራክተር ይገዛላቸው» ብለው ቢነሡ ከፍቅር የመጣ አሳብ ነውና ይመሰገናሉ። ሐዋርያው ግን በፊልጵስዩስ 1፥9 ፍቅር በእውቀትና በማስተዋል እንዲያድግ ይጸልያል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን፣ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አፈሩን ይጠብቃልን? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው? ሸክሙን የሚያቀልለው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጥናት እርሱን አጥብቀን እንይዛለን።

1. ኮረብታው ራሱ ምን ይጠይቃል?

በሜዳ ላይ የተሳሳተ እርሻ ምርት ያሳንሳል፤ በኮረብታ ላይ የተሳሳተ እርሻ ግን እርሻውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ባካሄደው ጥናት፣ ከታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህ በ50 ኪሎ ጆንያ ቢሰፈር 840 ጆንያ ነው። ከዚያው ሄክታር ስንት ጆንያ እህል ወደ ጎተራ እንደሚገባ እያንዳንዱ ገበሬ ያውቃልና፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት።

አፈሩን የሚወስደው ዝናብ ብቻ አይደለም። በተዳፋት ላይ መሬት በታረሰ ቁጥር አፈሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ይንከባለላል። መሣሪያው ኃይለኛ በሆነና አፈሩን አብዝቶ በፈጨ መጠን ይህ ይብሳል። ስለዚህ በኮረብታ ላይ የመጀመሪያው መሣሪያ የሚያርስ ሳይሆን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ይህም መሣሪያ እጅግ ርካሽ ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንግ፣ 10 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎና በሲባጎው መካከል የሚንጠለጠል ትንሽ የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃሉ። ሲባጎው በሁለቱም ዘንግ ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራል። አንዱ ሰው ዘንጉን ተክሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው ሲባጎውን ወጥሮ የውሃ ልኩ አረፋ መካከል እስኪመጣ ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። አረፋው መካከል ሲሆን የሁለቱ ሰዎች እግር በአንድ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ችካል ይተከላል። እንዲህ እያሉ የተራራውን ወገብ ተከትሎ የሚሄደውን የእርከን መስመር ማግኘት ይቻላል። መሣሪያውን ለመፈተን ዘንጎቹን ሳያነቃንቁ ውሃ ልኩን አዙሮ መስቀል ነው፤ አረፋው በዚያው ቦታ ከቆመ ልኩ እውነተኛ ነው።

በዚሁ መሣሪያ ተዳፋትነትም ይለካል። ሲባጎው አግድም ሆኖ 5 ሜትር ሲሄድ መሬቱ 1 ሜትር ተኩል ከወረደ ተዳፋትነቱ 30 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። የአዋጁ መነሻ ምክንያት ዛሬም በየኮረብታው ላይ ይታያል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ተራራውን በድንጋይ እርከን ሲገነባ ኖሯል፤ አንዳንዱ ግንብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው ያለ ሞተር፣ በእጅ መሣሪያና በኅብረት ነው።

2. በእጃችን ያለውን መሣሪያ እንወቅ

የልማት ሠራተኛ አዲስ መሣሪያ ከማምጣቱ በፊት አሮጌውን በሚገባ ያጥና። የአገራችን ማረሻ የሚናቅ አይደለም። ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ እርፉና ቀንበሩ ከአካባቢው እንጨት የሚሠሩ ናቸው፤ ከብረት የሚሆኑት ማረሻውና ወገሉ ናቸው። ገበሬው ሁሉንም በትከሻው ተሸክሞ ገደል መውጣት ይችላል። ሞፈር ቢሰበር ባለቤቱ ራሱ ጠርቦ ይተካዋል፤ ማረሻው ቢዶለዱም ቀጥቃጩ ዘንድ ይወስደዋል። በድንጋያማ መሬት ላይም ድንጋዩን ሸሽቶ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ጉድለት አለው። ማረሻው አፈሩን ሰንጥቆ ይከፍታል እንጂ ፈጽሞ አይገለብጠውም፤ በሁለት ትልም መካከል ያልታረሰ ጠርዝ ይቀራል። ስለዚህ ከገመሳው በኋላ በአይማው፣ ከዚያም በስልሳው ማሳውን እያቋረጡ ማረስ ግድ ይሆናል፤ ለጤፍም ከዚህ በላይ ይታረሳል። በተዳፋት ላይ አንዱ እርሻ የተራራውን ወገብ ቢከተል፣ የሚያቋርጠው እርሻ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ትልሙ ራሱ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ነቢዩ ገበሬው ዘወትር ያርሳልን ብሎ የጠየቀው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነካናል። የእርሻውን ቁጥር የሚቀንስና ወገቡን ብቻ ተከትሎ ለማረስ የሚያስችል መሣሪያ ለኮረብታ አገር ትልቅ በረከት ነው።

3. ከበሬ ጋር የሚሄዱ ማሻሻያዎች

ማሻሻያ ሁሉ በገበሬው ዘንድ ተቀባይነት አያገኝም። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል በ1980ዎቹ አንድ በሬ ብቻ የሚስበው ማረሻ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። በዚያ ዘመን ረሀብ ብዙ በሬ ጨርሶ ነበርና አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በሰፊው አልተለመደም። ባለ አንድ በሬው ገበሬ ቀድሞውኑ መቀናጆ የሚባል መፍትሔ ነበረው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ ተራ በተራ ያርሳል። ከዚህ የምንማረው፣ የሰዎች መተጋገዝ የሚፈታውን ችግር ብረት እንዲፈታው ከመድከም በፊት ሰዎቹን መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ይኸው ማዕከል ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዋልካ አፈር ያዘጋጀው መሣሪያ ደግሞ የተሻለ ፍሬ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ዋልካ መሬት እንዳለ ይገመታል። ዋልካ በክረምት ውሃ ስለሚያቁር ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ ይዘራል፤ መሬቱም ክረምቱን ሙሉ ታርሶ ራቁቱን ይከርማል። መሣሪያው ከአገሩ ማረሻ ተነሥቶ የተሠራ ሲሆን፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ያወጣል። ውሃው በቦዩ ሲወርድ ዘሩ በመደቡ ላይ በጊዜ ይበቅላል፤ አፈሩም በቡቃያ ይሸፈናል። የመጀመሪያው ለበሬ ከበድ ያለ ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ ዶክተር መለሰ ተመስገን አይባር የተባለውን ቀለል ያለ የብረት መሣሪያ ሠርተው ከማረሻው ጋር እንዲገጠም አድርገዋል።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ከገደላማው ይልቅ ለለዘብተኛው ተዳፋትና ለአምባው የሚሆን ነው። ደግሞም አንድ መንፈሳዊ ጥያቄ ያስነሣል፤ ቦዩ ውሃውን ወዴት ያደርሰዋል? ፈሰስ ያወጣ ሰው ሁሉ ውሃውን በታች ባለው ጎረቤቱ ላይ ሊለቅ ይችላል። የአንዱ መደብ ሲያምር የሌላው ማሳ በቦረቦር ይከፈላል፤ ክርክሩም እስከ ዳኛ ይደርሳል። ባልንጀራን መውደድ በኮረብታ አገር የሚታየው ፈሰሱ በሚያልቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ያሉት ባለ ማሳዎች በአንድነት ተስማምተው በሣር የተሸፈነ የጋራ መፋሰሻ ሳያዘጋጁ መሣሪያውን ማደል አይገባም።

4. አነስተኛ ሞተር የሚረዳው የት ነው?

በእስያ አገሮች ሰው ከኋላው እየተከተለ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በሰፊው ይሠራበታል። በኔፓል ኮረብታዎች ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዎች አንሥተው ከእርከን ወደ እርከን የሚያሻግሩት ከዚያም ያነሰ ማረሻ ሞተር ተለምዷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በአውስትራሊያ እርዳታ ባስተባበረው ፕሮግራም፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ተሞክሯል። በዚያ ሙከራ አንድ ገበሬ አንድ ትራክተር እንዲገዛ አልታሰበም፤ አንድ የሠለጠነ ሰው ገዝቶ ለጎረቤቶቹ በኪራይ እንዲያገለግል ነው። መሬቱን ደጋግሞ ከማረስ ይልቅም በአንድ ጊዜ ትልሙን ከፍቶ ዘሩንና ማዳበሪያውን በመስመር የሚያኖር መዝሪያ ይገጠምለታል። ይህ አፈሩን ስለማያናውጥ ለተዳፋት መሬት ይስማማል።

ብዙ ሰው ሞተር ሲባል ማረስ ብቻ ይታየዋል። በገደላማ አገር ግን የሞተር የተሻለው ሥራ ቆሞ የሚሠራው ሊሆን ይችላል። በአውድማ ላይ መውቃት፣ በቆሎ መፈልፈል፣ ከወንዝ ውሃ መሳብ፣ እህል መፍጨት፣ እነዚህ ሁሉ እርከን ሳያፈርሱ የሰውን ጉልበት ያድናሉ። በጥቂት ቤተ ሰብ ደግሞ ሞተርም ላያስፈልግ ይችላል፤ በውስጡ ጥርስ ያለው ትንሽ የእጅ መፈልፈያ የእናቶችን ጣት ከቁስል ያድናል።

ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ከሰገነቱ ወድቆ እንዳይሞት መከታ እንዲያደርግ ያዛል። የዚህ ሕግ መንፈስ ለመሣሪያ ባለቤት ይሠራል። ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

ሀ. የመውቂያው ቺንጋ ክዳን ይኑረው። ነጠላና ቀሚስ በቺንጋ የሚያዙት በአንድ አፍታ ነው።

ለ. ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል።

ሐ. ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር በቁልቁለት ላይ ማርሹ ወጥቶ አይለቀቅ። ደግሞም ብዙዎቹ በጎን ፍሪሲዮን የሚታጠፉ በመሆናቸው፣ በቁልቁለት ላይ የግራውን ሲይዙት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ሲይዙት ወደ ግራ ሊታጠፉ ይችላሉ። ነጂው ይህን በሜዳ ተምሮ ሳይጨርስ ገደል አጠገብ አይሂድ።

መ. ለመዞሪያ ሲባል እርከን አይቆረጥ። መሣሪያው በእርከኑ ላይ መዞር ካልቻለ መሣሪያው ለዚያ ቦታ አይደለም።

5. ማረሻችንን የሚስልልን ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ሠሪ አልነበረም። እስራኤላዊው ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ምድሪቱ የተስፋ ምድር ነበረች፤ ንጉሥም ነበራቸው፤ ነገር ግን ማረሻቸው በሌላ እጅ ነበረ። የጦርነት ቀን ሲመጣም በሕዝቡ እጅ ሰይፍና ጦር አልተገኘም። ሕዝብ መሣሪያውን ራሱ ማበጀት ካልቻለ በክፉ ቀን ባዶ እጁን ይቆማል።

ይህ ታሪክ በየፕሮጀክቱ ቅጥር ግቢ ሲደገም ይታያል። በብዙ ገንዘብ የመጣ ሞተር አንድ ኩሽኔታ ስለ ጠፋ ብቻ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል፤ ዶሮም ይፈለፍልበታል። መለዋወጫው ያለው በዋና ከተማ ነው፤ ወይም ሞዴሉ ከቀረ ቆይቷል። ለጋሹ መሣሪያውን ሰጠ እንጂ ብረት ሠሪውን አልሰጠም።

እግዚአብሔር ግን ብረት ሠሪውን ሰጥቶናል፤ እኛ ናቅነው እንጂ። በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጭ በንቀት ስም ይጠራል፤ «ቡዳ» ይባላል፤ ልጁን የሚያገባለት፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ አይገኝም። ገበሬው ማረሻውን ያለ እርሱ አያርስበትም፤ ሆኖም ከደጁ ቆሞ ሥራውን ተቀብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1908 ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ልብን ሊለውጥ አይችልም። ልብን የሚለውጠው ወንጌል ነው። ዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራው፣ በወርቅና በብር በናስም እንዲሠራ በመንፈሱ እንደ ሞላው ይነግረናል። የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላውን የእጅ ሙያ «ርኩስ» የሚል ጉባኤ ከየት ተማረው? ጌታችን ራሱ ጠራቢ ይባል ነበር (ማርቆስ 6፥3)።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሆይ፣ አዲስ መሣሪያ ስታስብ አስቀድመህ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሂድ። መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ይፍታው፣ ይግጠመው። የትኛውን ክፍል በወናፉና በመዶሻው ሊሠራ እንደሚችል፣ ለየትኛው ብየዳ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ፈጽሞ ከከተማ እንደሚመጣ ይንገርህ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ጥሩ ማረሻ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ከበጀቱም ጥቂት ለእርሱ ይመደብ፤ ሞርሳ፣ መሰርሰሪያ፣ የብሎን መፍቻ፣ አጭር ሥልጠናና የሚጠግንበት ዋጋ። ይህ ሲሆን ጉባኤው ከመሣሪያው ጋር አንድ ወንድምንም ያገኛል።

6. መሣሪያው ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ትልቅ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ተጀመረ። ዓላማው አነስተኛ ገበሬዎችን መርዳት ነበር፤ ለበሬ የሚሆኑ መሣሪያዎችንም ሞክሯል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ እርሻ አትራፊ እየሆነ ሲሄድ የመሬት ጌቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስወጡ። ብረቱ ክፉ አልነበረም፤ መሣሪያው የገባበት የመሬት ሥርዓት ግን ፍርድ የጎደለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አስቀረው፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም። መሣሪያ ጉልበት ላለው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ማን ቀድሞ እንደሚጠቀም አስቀድሞ ካልተወሰነ ኃይለኛው ይቀድማል።

በቀን ሥራ የሚኖረው ድሀ፣ በሬ የሌላት መበለት፣ ውሃና እንጨት ተሸክማ ማታ ደግሞ የምትፈጭ እናት በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራቸው። ለበሬ አልባዋ መበለት ተራዋ ከዘር ወቅት በኋላ ከመጣ ተራ አልተሰጣትም ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት ኮሚቴው የሚመልሳቸው

1. የእርከኑ መስመር ተለክቶ ሥራው ተጀምሯልን?
2. ሥራው በአሮጌው መሣሪያ ወይም በመተጋገዝ ሊፈታ አይችልምን?
3. በአካባቢው በእግር በሚደረስበት ቦታ የሚጠግን ሰው አለን? ስሙ ማን ነው?
4. የኪራዩ ዋጋ ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ የነጂውን ደመወዝ፣ ጥገናውንና የመተኪያውን ቁጠባ ይሸፍናልን? (ሉቃስ 14፥28)
5. ሁለት ወር ሙሉ ቢበላሽ ገበሬው በምን ያርሳል? በሬውን ሸጦ እንዳይሆን!
6. ተራው እንዴት ይወሰናል? መዝገቡን ማን ይይዛል?

ለውይይት

ሀ. በኢሳይያስ 28 ያለው ገበሬ መሣሪያውን የመረጠው በምን መመዘኛ ነው?

ለ. የእኛ ፈሰስ የሚያልቀው በማን ማሳ ላይ ነው? ከዚያ ሰው ጋር ተነጋግረናልን?

ሐ. በአካባቢያችን ያለው ቀጥቃጭ ወደ ጉባኤያችን ቢመጣ የት ይቀመጣል? ከማን ጋርስ ይበላል?

መ. በግቢያችን ቆሞ የቀረ መሣሪያ አለን? ምን ጎደለው?

እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ወንጌልን መስበክና የሰውን ልማት መለያየት እንደማይገባ ለውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት በደብዳቤ አሳስባ ነበር። ያ ቃል በእርከን ላይ የሚፈጸመው ውሃ ልኩን የያዘው ወጣት፣ ማሳውን የምታካፍል ጎረቤትና መዶሻውን ያነሣ ቀጥቃጭ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ ነው። በሚመጣው የጉባኤ ስብሰባችሁ ቀጥቃጩን በስሙ ጥሩት፤ ጸልዩለት፤ ማረሻውንም ለመሳል ስትሄዱ ከደጁ አትመለሱ፣ ግቡ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ያቅናላችሁ። አሜን።